ጧ የሚል ፕላስቲክ

አፑን ያወረድኩት ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ፣ መጽሐፍ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ተቀምጬ ነው። እናቴ ከፊት ለፊቴ ባለው በር ገብታለች። ከግራ ጡቷ ጎን፣ ወደ ብብቷ በኩል ካለው እብጠት በመርፌ ናሙና እየወሰዱላት ነው። እኔ አንዷን አንቀጽ ስድስት ጊዜ አነበብኩ። በሰባተኛው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ግስ የሌለው መሰለኝ። ግስ ነበረው፤ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ሥራዬ እርማት ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ አነባለሁ፤ የተዘለለ ፊደል፣ የተደገመ ቃል፣ የጠፋ አራት ነጥብ እለቅማለሁ። ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ሽሮ ሜዳ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጊዜ ሲባክን ማየት አይችልም። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ስልኳ ላይ ባለቀለም ከረሜላ የምትደረድር ሴትዮ ሳይ ይከፋኝ ነበር። ማተሚያ ቤት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ስልኳ ውስጥ ድመት ታሳድጋለች። "በሰዓቱ ካልመገብኳት እኮ ታኮርፋለች" ትለኛለች፣ ከምሳዋ ተነሥታ እየመገበቻት። ሲነቀንቁት እንደ በግ የሚጮህ አፕም አላት። ለምን እንደተሠራ ብጠይቃት "እንዲጮህ ነዋ" አለችኝ። እኔ የማስበው የሠራውን ሰው ነበር። ተምሮ፣ ተመርቆ፣ ቁጭ ብሎ በግ የሚያስጮህ።

ያን ቀን ግን ግስ ሲጠፋብኝ ስልኬን አወጣሁና ሳልመርጥ አንዱን አወረድኩ። ብርጭቆና ቴሌቪዥን እንዳይሰበር የሚጠቀለልበት፣ ፊኛ ፊኛ ያለው ፕላስቲክ አለ አይደል፣ እሱን ነው። ስክሪኑ ሙሉ ፊኛ ይሆናል። አንዱን ስትነኩት ጧ ይልና ይተኛል። ሁሉም ሲተኙ ሌላ ሉህ ይመጣል። ነጥብ የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ አሸናፊ የለውም።

ሐኪም ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ወረዳ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ በቤተሰብ አለ ወይ። ወንበሩ እንኳ "ተጠጊ" የሚል ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ይህ ፕላስቲክ ግን ከእኔ የሚፈልገው ጣቴን ብቻ ነበር። እየፈራሁ አፈነዳሁ፤ ሳፈነዳም ፍርሃቱ አልቀነሰም፤ ግን የሚቀመጥበት ቦታ ያገኘ ይመስል ጣቴ ጫፍ ላይ ወረደ። አፈርኩም። ሰው እንዳያይብኝ ስልኩን መጽሐፉ ውስጥ ደበቅኩት።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። አጠገቤ ቆማ መጽሐፉን አየችው።

"ምን ትላለች መጽሐፏ?"

"ምንም።"

"ምንም የማትል መጽሐፍ ጧ ጧ ትላለች?"

አሳየኋት። ተቀምጣ በቀኝ ጣቷ አንዱን ነካችው። ሲተኛ ቅንድቧ ተነሣ።

"ስትጨርሺው ምን ይሰጥሻል?"

"ሌላ ይመጣል።"

"እሱንስ ስትጨርሺ?"

"ሌላ።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያሸንፈው?"

"ማንም።"

አንዱን ደግማ ነካች። "እንደ ፈትል ነዋ" አለች። "ግን ጋቢ አይወጣውም።"

ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ግራ እጇን ማንሣት አቃታት። ስትፈትል ጥጡን ወደ ላይ የምትስበው በዚያ እጅ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈቶ የማያውቅ እጅ ሥራ ፈታ፣ እንዝርቷ ቅርጫት ውስጥ ገባ፣ ስልኬ ደግሞ ወደ እሷ ዞረ። እስከ ዛሬ "ጧጧ" ነው የምትለው። ከሥራ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "እስቲ ጧጧን አምጪው" ትለኝ ነበር፤ ሥራ በማልገባባቸው ቀናትማ ስልኩ የሷ ነው። ቤታችን ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው፤ በር ላይ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሰጥታ፣ አቀርቅራ ታፈነዳለች።

የሐኪም ቤቱ ሰዎች "ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን" ብለው የያዙት ቁጥር የእኔ ነው። ይህን ያሰብኩት ከተሰጠ በኋላ ነው። ቤት ባለሁ ቁጥር ያ ስልክ የሚውለው በእናቴ እጅ ውስጥ ሆነ። ማድቤት ሆኜ ጧ፣ ጧ ሲል እሰማለሁ። ድምፁ በተቋረጠ ቁጥር ቢላዋውን አቆማለሁ። ተደውሎ ይሆን? አንስታው ይሆን? ሽንኩርት እንደያዝኩ በሩ ላይ እደርሳለሁ። እሷ ሉህ ጨርሳ ሌላው እስኪመጣ እየጠበቀች ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ተደወለ።

"ይኸው" አለች ስልኩን እየዘረጋችልኝ። "ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ሉሄን አቋረጠብኝ።"

እዚያው ፊቷ ቆሜ አነሣሁት። የሴት ድምፅ ነው። "የታካሚዋ ልጅ ነዎት? ውጤቱ ደርሷል። ነገ ይምጡ። ሌላ ቤተሰብ ካለም ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው። እ... ማለቴ፣ እሳቸው ለነገ ባይመጡም ይሆናል።"

ይህ ለእኛ ሰው ከበቂ በላይ ግልጽ ነው። ደህና ዜና ሲሆን ታማሚው ይጠራል። ክፉ ሲሆን ቤተሰቡ ለብቻው ይጠራል፤ ታማሚው ከሁሉ መጨረሻ ይሰማል፣ ወይም ጨርሶ አይሰማም።

"ማተሚያ ቤት ነው" አልኳት ለእናቴ። "ነገ ቀደም ብለሽ ግቢ ነው የሚሉኝ።"

"ድምፅሽ ምነው?"

"ጉንፋን።"

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስልኩን ወሰደችና አቀረቀረች። "ይሁን" አለች። ጧ አለ።

በማግስቱ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሄድን። ወንድሜ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል፤ ደንበኛ ሲያጣ እንኳ የሚስቅ፣ ድምፁ ከሱቁ የሚበልጥ ሰው ነው። ያን ቀን ወጣቷ ሐኪም ስትናገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሽታው ያ ሰው ስሙን የማይጠራው ነው። ብዙ አልሄደም። ግራ ጡቷ ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት፤ ቶሎ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ ሳምንት።

ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ቧንቧ አጠገብ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ።

"አትነግሪያትም።"

"ፎርም ትፈርማለች እኮ።"

"ውሃ የቋጠረ እጢ ነው፣ ይመጠጥልሻል እንላታለን። ትፈርማለች።"

"ስትነቃስ?"

"ስትነቃ ነቅታለች፣ በቃ። የሚሆነው አልፎ ነው የምትሰማው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አባባን ረሳሽው?" አለኝ።

አልረሳሁትም። አባታችን ሸማኔ ነበር። አንድ ሐኪም ፊት ለፊት "ጉበትዎ አልቋል" ብሎ ነገረው። አባባ ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ወጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ምግብ አልቀምስም አለ። ሃያ ቀን አልሞላውም። ወንድሜ እስከ ዛሬ አባታችንን የገደለው ጉበቱ ሳይሆን ቃሉ ነው ብሎ ያምናል። እኔም ሐሰት ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፍርሃት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። መሞቷን እፈራ ነበር፤ ግን በየሰዓቱ የሚመጣብኝ ሌላ ነው። ከማደንዘዣው ስትነቃ አየኋት። ማንም ሳይነግራት፣ በቀኝ እጇ ከፋሻው በላይ ትዳስሳለች። ጣቷ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የሚያውቀውን ነገር ያጣል። ከዚያ ዞራ እኔን ታየኛለች። ይህን ሥዕል ጥርሴን ስቦርሽ አየዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ አየዋለሁ፣ የሰው ጽሑፍ ሳርም አየዋለሁ። በዚያ ሳምንት በአንድ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የደራሲውን ስም እንደ ተሳሳተ አሳለፍኩ። እንዲህ ያለ ስህተት ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም።

ወንድሜ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ይዞ ይመጣል። "እማ፣ ይህቺን ውሃ ጠብ አድርገን አውጥተን፣ ከዚያ በልጄ ክርስትና ላይ እስክስታ ትወርጃለሽ" ይላታል። ይስቃል። እኔም መሳቅ አለብኝ። ፊቴ የሚዋሽ ዓይነት አይደለም፤ ስስቅ ጉንጮቼ እንደ ውሰት ልብስ ይሆናሉ። እናቴ ቀና ስትል አስተካክላቸዋለሁ፤ ስታቀረቅር ይወድቃሉ። ደግነቱ ብዙ ጊዜ አቀርቅራ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እያደር ይህም ያስፈራኝ ጀመር። ሳወራት እንኳ ዓይኗን ከስክሪኑ አትነቅልም። አባባ ግድግዳ ነበረው፤ እሷ ይህን አገኘች እያልኩ አሰብኩ።

"ሱስ ሆነባት" አልኩት ወንድሜን ቁልቁለቱ ላይ ስሸኘው።

"ተያት ትጫወት። አእምሮዋ ይረፍ።"

"አታናግረኝም እኮ በዚህ ነገር።"

"አንቺ መጽሐፍ ስትይዢ እኛን ታናግሪን ነበር?"

ብቻዬን ዳገቱን ተመለስኩ።

ፎርሙን የሰጡን በሳምንቱ ሐሙስ ነው፤ እናቴ ለደም ምርመራ ስትመጣ። ነርሷ "አንብቡላቸውና ሐኪሟ ስትመጣ ይፈርማሉ" ብላ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ወንድሜ የአልጋ መያዣ ወረቀት ሊያወጣ ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄደ። ሲሄድ በጆሮዬ "ውሃ" አለኝ፣ እንደ መሐላ።

አግዳሚው ላይ ሁለታችን ቀረን። እናቴ ስልኩን ይዛለች። ሳታቆም "አንብቢልኝ" አለች።

ሳነብ ጣቴ ከመስመሩ ሥር ይሄዳል። ዘግይቶ ፊደል የያዘ ሰው ልማድ ነው፤ ማተሚያ ቤት ይስቁብኛል፤ ግን ስህተት የምይዘው በእሱ ነው። ጀመርኩ። "እኔ፣ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ታካሚ፣ ስለ በሽታዬና ስለሚደረግልኝ ቀዶ ሕክምና በሚገባኝ ቋንቋ ተገልጾልኝ..." በሚገባኝ ቋንቋ የሚለው ላይ ቆምኩ። ቀጣዩን መስመር በዓይኔ አየሁት። ጣቴን አንሥቼ ከሱ በታች ባለው ላይ አሳረፍኩ። "በማደንዘዣ ምክንያት ሊደርሱ የሚችሉትን..."

ጧጧው ቆመ።

"ተመለሺ" አለች።

"ወዴት?"

"ጣትሽ ወደ ዘለለው።"

ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረች ነው። "ፊደሉን አላውቅም" አለች። "ጣትሽን ግን አውቀዋለሁ። ማታ ትምህርት ከገባሽ ጀምሮ ከጎኔ ተቀምጠሽ ነው የምታነቢው። አንድ ቀን መስመር ዘሎ አያውቅም።"

"እማዬ፣ ውሃ የቋጠረ..."

"ውሃውን ተዪው። ውሃ የወንድምሽ ነው።"

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አኖርኩት። "ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ማን ነገረኝና ነው የማውቀው? ፊትሽን ግን ሳየው ሰነበትኩ።"

"መቼ አየሽው? ከዚህ ነገር ላይ ዓይንሽን ነቅለሽ አታውቂም።"

"እሱማ አንቺ እንድታርፊ ነዋ።" አሁን ቀና አለች። "ቀና ባልኩ ቁጥር ፊትሽን ታስተካክያለሽ። አይቼ አይቼ አሳዘንሽኝ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፣ ሰው እንዴት ቀኑን ሙሉ ጉንጩን ተሸክሞ ይውላል? ይኼ ላይ ሳቀረቅር ፊትሽን ታወርጂዋለሽ። ትንፋሽሽ ሲወጣ እሰማዋለሁ። እኔም የኔን አወርደዋለሁ። ለዚህ መሰለኝ የሠራው።"

"ማን?"

"ይኼን የሠራው ሰውዬ። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ላጣ ሰው።"

ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ነው ያልኩት ለእኔ የተከፈተ በር ነበር።

"አሁን አንብቢ" አለች። ስልኩን በፊቱ ደፍታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

ጣቴን ወደ ላይ መለስኩት። "የግራ ጡቴ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና እንዲነሣ..." እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አንድም ቃል አላስቀረሁም። ስጨርስ ኮሪደሩ ውስጥ የሚሄደው ሰው ሁሉ ድምፁን የቀነሰ መሰለኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ከኋላችን ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነበር፤ ርቀቱን እንኳ ለክቼዋለሁ።

"ያ ነው?" አለችኝ።

"ያ ነው።"

"ካልተነሣስ?"

"አይቆይም አሉ።"

"ምኑ ነው የማይቆየው? እኔ?"

"አንቺ።"

ራሷን ነቀነቀች። ቀኝ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ግራ ጎኗ ላይ አረፈች። "ፈራሁ" አለች፤ ዝናብ መጣ እንደሚባለው። ቀጥላ "ግራ ነው የሚለው?" አለች።

"ግራ ነው።"

"ደግመሽ እዪው። ሰው የሚጽፈውን ይሳሳታል፣ አንቺ ነሽ የምትይው።"

ደግሜ አየሁት። ሦስት ቦታ ተጽፏል፤ ሦስቱንም በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት። ግራ፣ ግራ፣ ግራ።

"እንግዲህ" አለች፣ "ወንድምሽ ሲነክሰው የከረመው እሱን ነው። ጥርስ ካወጣ በኋላ ዓመት ከስድስት ወር። ከዚያ ወዲህ የሚያስፈራው ነገር ያለ አልመሰለኝም ነበር።"

ሳቅኩ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ። እሷ አልከለከለችኝም።

ወንድሜ ከሐኪሟ ጋር አብሮ መጣ። ከሩቅ ጀምሮ እየተናገረ ነው። "እማ፣ አለቀ፤ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገቢያለሽ፣ ይህቺን ውሃ ጠብ፣ ከዚያ..."

ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብላኝ እናቴ ፊት ጎንበስ አለች። "እማማ፣ ተነበበልዎት? ገባዎት?"

"ገብቷቸዋል" አለ ወንድሜ።

"ልጄ አንብባልኛለች" አለች እናቴ። "ሁሉንም። መጀመሪያ አንዱን ዘልላ ነበር፤ ኋላ አርማዋለች።"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ያን ፊቱን ከአባታችን ቀብር ወዲህ አላየሁትም። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ስታነሣው ወንድሜ እዚያ አልነበረም።

"ሂጂ" አለችኝ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ሳይሆን ነርሷ በሰጠቻት ጥጥ እየጠረገች። "ብቻውን ነው።"

ቧንቧው አጠገብ አገኘሁት። ውሃ ከፍቶ እጁን ይታጠባል፤ እጁ ንጹሕ ነው።

"ነገርሻት።"

"አነበብኩላት።"

"አባባ እኮ..."

"አውቃለሁ።"

"ፊቷን አዞረች?"

"አላዞረችም። ግራ መሆኑን ደግመሽ እዪ አለችኝ። ፈራሁም አለች።"

ውሃውን ዘጋ። "እሷ ፈራሁ አለች? በአፏ?"

"በአፏ።"

እናታችን ፈራሁ ስትል እሱ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። የቧንቧው ሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ከሱቁ የሚበልጠውን ድምፁን ፈልጎ አጣው። "ሌላስ ምን አለች?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አንተ ስትነክሰው እንደ ከረምክ።"

በአፍንጫው ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣው። በእጅጌው ጠረገው። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። ትድናለች ብዬ ልዋሸው አልፈለግኩም፤ መዋሸት የበቃን ቀን ነው።

"ማክሰኞ ስንት ቀን ቀረው?" አለኝ።

"አምስት።"

አላመነኝም። ጣቱን ዘርግቶ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብሎ ቆጠረ። አምስት ሆነ። እጁን ጨብጦ እንደገና ከዓርብ ጀመረ፤ በዚህኛው አብሬው ቆጠርኩ።